በመያዣ ስለ ተወሰደ ልብስ፤ የድኻ ባለዕዳ የሙግት ታሪክ

በኦሪት ዘጸአት በ22ኛው፣ በኦሪት ዘዳግምም በ24ኛው ምዕራፍ ስለ መያዣ የተሠራ ሕግ አለ። አበዳሪ የድኻውን ልብስ በመያዣ ቢወስድ ፀሐይ ሳትገባ ይመልስለት ዘንድ፣ ወፍጮውንም ከቶ እንዳይወስድበት፣ መያዣ ሲቀበልም ወደ ባለዕዳው ቤት ሳይገባ በውጭ ቆሞ ይጠብቅ ዘንድ ያዛል። ልብሱን መለየቱ የሌሊት መኝታው ስለ ሆነ ነው፤ ወፍጮውን መከልከሉ የዕለት እንጀራው ስለ ሆነ ነው። በውጭ ይቁም ማለቱም አንድም የድኻው ቤት እንዳይደፈር፣ አንድም የሚሰጠውን መያዣ ባለዕዳው ራሱ መርጦ እንዲያወጣ ነው። ሕጉ ዕዳውን አልሰረዘም፤ ዕዳው የሚከፈልበትን ጉልበት ጠበቀ እንጂ።

ሕጉ የሚናገርለት መከራ በእውነት ይደርስ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ጽሕፈት ከመሬት ውስጥ ወጥቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በያብኔ አጠገብ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ጠረፍ፣ በአንድ የፈረሰ ምሽግ ውስጥ በገል ላይ በቀለም የተጻፈ የዕብራይስጥ አቤቱታ ተገኘ። ዘመኑም ከልደተ ክርስቶስ በፊት የሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። አመልካቹ አጫጅ ነው። የታዘዘውን አጭዶ ወደ ጎተራ ካገባ በኋላ ሹሙ ልብሱን እንደ ወሰደበት ለአገረ ገዢው ያመለክታል፤ በፀሐይ ሐሩር አብረውት ያጨዱትን ወንድሞቹን ምስክር ይጠራል፤ ልብሱም እንዲመለስለት ይለምናል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ድኻ ያደረገውን አስተውል። በቤቱ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ ከሹሙም ጋራ በመንገድ አልተጣላም። ሥልጣን ወዳለው ቀረበ፣ ነገሩን በተራ ተናገረ፣ ምስክሩን ቆጠረ።

ነህምያም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ445 ዓመት ገደማ ከሱሳ ወደ ኢየሩሳሌም በወረደ ጊዜ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰማ። በመጽሐፉ በ5ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ሕዝቡ በረኃብ ምክንያት እርሻቸውንና ወይናቸውን፣ ቤታቸውንም በመያዣ ሰጥተው ነበር፤ ለንጉሡ ግብር ገንዘብ የተበደሩም ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ለባርነት ተሰጥተው ነበር። ዕዳውን ያመጣው ረኃብና ግብር እንጂ ስንፍና አልነበረም። ነህምያም መኳንንቱንና ሹማምቱን በጉባኤ ገሠጸ፤ ርስቱንና ከመቶ አንዱን እጅ እንዲመልሱ አደረገ፤ ካህናትንም ጠርቶ በፊታቸው አስማላቸው። የድኻው አቤቱታ ፍሬ ያፈራው ጩኸቱን የሚሰማ ገዢ፣ መሐላውንም የሚመሰክር ካህን ስለ ተገኘ ነው።

በአገራችንም በቀደመው ሥርዓት የሚከፍለው ያጣ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋራ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ ቁራኛ የተባለው ይህ ነው። ሰንሰለቱ ባለዕዳው እንዳያመልጥ ይከለክላል፤ ነገር ግን የታሰረ እጅ አርሶና ነግዶ ዕዳውን ሊከፍል አይችልም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ለፍርድ ማስፈጸሚያ የማይያዘውን ንብረት ለየ። የባለዕዳውና የቤተ ሰቡ አስፈላጊ ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፣ የሚሠራበትም መሣሪያ እንዳይያዝ አደረገ። ልብሱና ወፍጮው በሌላ ዘመን ቃል ተጠበቁ ማለት ነው።

ይኸው ሕግ ግን ዝም ላለ ሰው ጠንካራ ነው። ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ ቢቀር ነገሩ በሌለበት ይሰማል። በሌለበት የተፈረደበትም ሰው ለመቅረቱ በቂ ምክንያት እንዳለው አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት የሚያመለክተው ፍርዱን ካወቀ በ1 ወር ውስጥ ነው። ገቢው ጥቂት የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው አፍሮ ነው፤ ገንዘብ ከሌለኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ ነው። ነገር ግን የሚመልሰው አለው፤ የተጠየቀው ገንዘብ ልክ መሆኑን ይመረምራል፤ የከፈለው ቢኖር ደረሰኙን ያሳያል፤ ዕዳውን ቢያምንም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከፍሎ እንዲጨርስ ይለምናል።

ስለዚህ ማንበብ የተሰጠው ሰው መጥሪያ ይዞ ወደ ደጁ የመጣውን ድኻ ቀኑ ሳያልፍ ወረቀቱን ያንብብለት፤ ቀጠሮውንም ይንገረው። በፍርድ ወንበር የተቀመጠም ባለገንዘቡን ከሰማ በኋላ ባለዕዳው በምን እንደሚያድር ይጠይቅ። የአበዳሪው ገንዘብ ሊመለስ የሚችለው ባለዕዳው ሠርቶ ማደር ሲችል ነውና።