የቅድመ መደበኛ ሥርዓተ ትምህርትና የአንደኛ ክፍል ዝግጁነት

የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚያገኙት ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ አጸደ ሕፃናት (ኬጂ) የዚሁ ትምህርት አንዱ ዓይነት ስለሆነ፣ «ዝግጁነት» ሲባል ብዙውን ጊዜ ልጁ ለአንደኛ ክፍል መብቃቱን ያመለክታል። ዝግጁነት ፊደል ከማወቅ ይሰፋል፦ ሐሳብን በቃል መግለጽን፣ መቁጠርን፣ እርሳስ መያዝን፣ ተራ መጠበቅንና ከሌሎች ልጆች ጋር መስማማትን ያጠቃልላል።

ታሪክ

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ሕፃናት በቄስ ትምህርት ቤትና በቁርኣን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጸደ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች መደበ። ሆኖም ሥራው በአመዛኙ በግል ባለሀብቶች፣ በሃይማኖት ተቋማትና በማኅበረሰብ እጅ ስለነበር፣ ኬጂ ለረጅም ጊዜ የከተማ ልጆች ዕድል ሆኖ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ አገልግሎቱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን 2 ዓመት አድርጎታል።

ዓይነቶች

* አጸደ ሕፃናት፦ እስከ 3 ዓመት የሚፈጅ፣ በብዙ ቦታ ክፍያ የሚጠየቅበት ነው።
* ኦ ክፍል (ዜሮ ክፍል)፦ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለ1 ዓመት የሚሰጥ ነው።
* ልጅ ለልጅ፦ ከፍ ያሉ ተማሪዎች በመምህር ክትትል ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያለማምዱበት ነው።

ቋንቋና ፊደል

የቋንቋ ምርጫ ክብደት እንደ መቂ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በግልጽ ይታያል። መቂ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ጉራጊኛ ይናገራሉ። በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን የሚጻፈውም በቁቤ ነው። በግእዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን በአንድነት ይይዛል፤ በቁቤ ግን ሁለቱ ተለያይተው ይጻፋሉ፣ ረጅም አናባቢም ይደገማል። ስለዚህ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ኬጂ የተማረ ልጅ ኦሮምኛ ወደሚያስተምር አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ ያገኘው ዕውቀት ባይጠፋም አዲስ የአነባበብ ሥርዓት መልመድ ይኖርበታል። የክፍሉን ቋንቋ በቤቱ የማይሰማ ከሆነ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል።

የማስተማሪያ ዘዴ

ሌላው ምርጫ በጨዋታ በማስተማርና ፊደልና ቁጥርን በቃል በማስጠናት መካከል ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ ከተማ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት 68 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን በሦስት ሥርዓተ ትምህርት መድቦ ነበር፦ መምህሩ በሚመራው ቀጥተኛ ትምህርት፣ ልጆች ሥራቸውን ራሳቸው በሚያቅዱበት ሃይ ስኮፕ፣ እና በተለመደው የሕፃናት መዋያ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሦስቱ ቡድኖች የአእምሮ ፈተና ውጤት ተቀራራቢ ነበር። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ግን የቀጥተኛው ትምህርት ቡድን በማኅበራዊ ጠባይ ብዙ ችግር እንደታየበት አጥኚዎቹ ዘገቡ። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ድምዳሜው አከራክሯል።

ዘዴው እንደየክፍሉ ሁኔታም ይለያያል። ተማሪ በበዛበት፣ መጫወቻ በሌለበትና መምህሩ ለሕፃናት ባልሠለጠነበት ኦ ክፍል፣ በጨዋታ ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ትምህርት እንኳ በቀላሉ ወደ ጥቁር ሰሌዳና በኅብረት ወደ መድገም ይለወጣል።