የካናዳ ዝይ በከተማ ዳር፦ የሰው ሥራና የሰው ኃላፊነት



በአሜሪካ የከተማ ዳር ሰፈሮች የካናዳ ዝይ ሣር በመጋጥ፣ መንገድን በኩስ በማቆሸሽና ጎጆውን ሲጠብቅ መንገደኛን በማባረር ይከሰሳል። ክሱ እውነትነት አለው። ሆኖም የታሪክ ተማሪ ከፍርድ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ ወፉ ወደ ሰፈሩ እንዴት መጣ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ልቅ አደንና የረግረግ መሬቶች መድረቅ ዝይውን ክፉኛ አመናምነውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ከብሪታንያ ጋር ስለ ካናዳ የተፈራረመችው ውልና በ1918 የወጣው ሕግ ለፍልሰተኛ ወፎች ከለላ ሰጡ። በ1935 ሕያው ወፍን የአደን ማባበያ ማድረግ ሲከለከል፣ አዳኞች ሲያረቧቸው ከነበሩት ዝዮች ብዙዎቹ ተለቀቁ። ዝይ የፍልሰትን መንገድ የሚማረው ከወላጆቹ ነው፤ በሰው እጅ ለተወለዱት ግን ያንን የሚያሳይ አልነበረም። በ1962 ደግሞ ተመራማሪው ሃሮልድ ሃንሰን፣ ጠፍቷል ሲባል የኖረውን ግዙፉን የካናዳ ዝይ በሚኒሶታ፣ በሮቸስተር ከተማ አገኘው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም እያራቡ በየስፍራው አሰፈሩት። እየተስፋፋ የነበረው የከተማ ዳር ሰፈርም አጭር ሣር፣ ሰው ሠራሽ ኩሬና ከአውሬ የራቀ ኑሮ አቀረበለት። እንግዲህ ዝይው ወራሪ ሳይሆን ተጋባዥ ነበር።

ይህን መርሳት ወደ ችኩል ፍርድ ይመራል። በጥር 2009 አንድ አውሮፕላን ከዝዮች ጋር ተጋጭቶ በሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ተረፉ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ከ1,000 የሚበልጡ ነዋሪ ዝዮች ላባ በሚቀይሩበት፣ መብረር በማይችሉበት ወቅት ተይዘው ተገደሉ። የስሚዝሶኒያን ተመራማሪዎች በሞተሮቹ ውስጥ የቀረውን ላባ ሲመረምሩ ግን የተጋጩት ከሩቅ የመጡ ፍልሰተኞች መሆናቸው ታወቀ። ነዋሪዎቹም ለበረራ አደጋ መሆናቸው አይካድም፤ የተቀጡት ግን ባልሠሩት ነው።

ሌላ መንገድ አለ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2006 ባወጣው ደንብ ባለይዞታዎች ተመዝግበው እንቁላሉ እንዳይፈለፈል ማድረግ ይችላሉ። እንቁላሉ በመጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይፈተናል፤ ከተንሳፈፈ ጽንሱ አድጓልና ሳይነካ ይመለሳል፤ ከሰጠመ በበቆሎ ዘይት ይቀባል። እናቲቱ መታቀፏን ስለማታቋርጥ ሌላ እንቁላል አትጥልም። በኩሬ ዳር ረጅም ሣር ማሳደግ፣ መመገብን ማቆም፣ በሠለጠኑ የእረኛ ውሾች ማባረርም ይረዳሉ።

ዝይ ብዙ ዓመት ስለሚኖር ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን ችግሩን ለመፍጠር ግማሽ ምዕተ ዓመት የወሰደ ማኅበረሰብ፣ ለመፍትሔው ጥቂት የጸደይ ወቅቶችን መታገሥ አይበዛበትም።