ባይተት

«ባይተት» ማለት «ቤት» ነው። ቃሉ የአዲስ አበባ ያላገቡ ወጣት ሴቶች ወሬያቸውን ከሰሚ ጆሮ ለመሰወር ከፈጠሩት ምስጢራዊ ንግግር የተገኘ ነው። ደምሴ ተሾመና ሊዮኔል ቤንደር ይህን ንግግር በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አስተዋውቀውታል።

የአሠራሩ መነሻ ስርወ ቃሉ ነው። የቃሉ አናባቢዎች ይጣላሉ፤ ከ«ቤት» «ብ» እና «ት» ብቻ ይቀራሉ። የመጀመሪያውን ተነባቢ «ኣ» እና «ይ» ይከተሉታል፣ የመጨረሻው ደግሞ ይደገማል፤ ባ-ይ-ተ-ት። በዚሁ መንገድ «ልጅ» «ላይጀጅ»፣ «ክፉ» «ካይፈፍ» ይሆናል። ሦስት ተነባቢ ያለው «ወርቅ» መካከለኛውን ሳይጥል «ዋይርቀቅ» ይባላል። አናባቢ ስለማይቆጠር «ቦታ»ም በደንቡ «ባይተት» ነው፤ የትኛው እንደተፈለገ የሚለየው የወሬው አካሄድ ነው።

«ባይተት» የዓረብኛውን «በይት» መምሰሉ አጋጣሚ ነው፤ የአማርኛውና የዓረብኛው «ብ» እና «ት» ግን ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ስር የወረዱ ናቸው። የፊደል ገበታው «በ»ም በግእዝ ስሙ «ቤት» ነው።

ከቃላቱ በቀር ሰዋስውና የዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተሉ የአማርኛ ናቸው። ዘዴው የተነባቢ ስር ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ስር ለሌለው ቋንቋ አይመችም። በመተከል ዞን ዋና ከተማ በግልገል በለስ ዙሪያ የሚነገረው ጉሙዝኛ፣ ለምሳሌ፣ ቃል የሚያበጀው አናባቢን በተነባቢ ስር ውስጥ በማቀያየር አይደለም። «በለስ» ግን፣ የአማርኛ አፍ እንደሚጠራው ከተወሰደ፣ «ባይልሰስ» ይሆናል።