የብረታ ብረት ፍለጋ

የብረታ ብረት ፍለጋ ከአፈር በታች የተሰወረውን ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ዘለበትና የመሳሰለውን ንዋይ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየተመሩ የመሻትና የማውጣት ተግባር ሲሆን፣ በብዙ አገሮች፣ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር፣ በትርፍ ጊዜ የሚዘወተር ሥራ ነው። መሣሪያው በአውሮፕላን ማረፊያ ለፍተሻ፣ በጦር ሜዳ ፈንጂ ለማምከን፣ በማዕድን ሥፍራም ወርቅ ለመሻት የሚያገለግል ቢሆንም፣ ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ስለ ፍቅሩ ብቻ የሚሠራውን ፍለጋ፣ በተለይም ጀማሪ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥንተ ነገሩ

የመሣሪያው ፈልሳፊ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ጸሐፍተ ታሪክ ባንድ ቃል አልተስማሙም፤ ነገሩ ብዙ ሊቃውንት ተራ በተራ ያሳደጉት እንጂ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ የፈጸመው አይደለምና። ጀርመናዊው ሊቅ ሃይንሪክ ቪልሄልም ዶቬ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ፣ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን እርስ በርሳቸው በማመዛዘን፣ በአጠገባቸው የቀረበ ብረት የሚያደርሰውን ለውጥ የሚያሳይ ዕቃ እንደ ሠራ ይነገራል። በ1879 ደግሞ ዴቪድ ኤድዋርድ ሂዩዝ በለንደን ይህንኑ ሐሳብ አሻሽሎ «የኢንዳክሽን ሚዛን» የተባለውን መሣሪያ አቀረበ፤ አንዲት ሳንቲም ወደ ሽቦው በቀረበች ጊዜ ሚዛኑ ስለሚናጋ፣ በቴሌፎን ማዳመጫው በኩል ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግን በ1881 የተደረገው ሙከራ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር መግቢያ ላይ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመትተው በተኙ ጊዜ፣ ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ ወዴት እንደ ተቀመጠ ሐኪሞቹ ሊያውቁ አልቻሉም ነበር። በቴሌፎን ሥራው የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን በሰማ ጊዜ የሂዩዝን ሚዛን መሠረት አድርጎ መሣሪያ ሠራ፤ ከእርስ በርሱ ጦርነት ጀምሮ ጥይት በሰውነታቸው በቀረባቸው አሮጌ ወታደሮች ላይም ሞክሮ ውጤቱ መልካም ስለ ሆነለት፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ የፕሬዚዳንቱን ገላ መረመረ። በዚያ ግን መሣሪያው የተምታታ ድምፅ ከማሰማት በቀር የጥይቱን ሥፍራ ለይቶ ሊያመለክት አልቻለም። ቤል ራሱ ከጊዜ በኋላ ምክንያቱን በአልጋው ፍራሽ ውስጥ በነበረው የብረት ሽቦ ላይ ያደረገው ሲሆን፣ ሌሎች ግን ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ ወገን ነው ብሎ ስላመነ ፍለጋው በዚያው ወገን እንዲወሰን ማድረጉን የበለጠ ምክንያት ያደርጉታል። ፕሬዚዳንቱ መስከረም 19 ቀን ካረፉ በኋላ በተደረገው ምርመራ ጥይቱ የተገኘው በግራ በኩል ነው። ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንዳመዘነ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ከታሪኩ ለፈላጊ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ መሣሪያው የሚናገረው በሥሩ ስላለው ብረት ሁሉ እንጂ፣ ባለቤቱ ስለሚፈልገው ብረት ብቻ አይደለም።

በእጅ ተይዞ የሚዞረውን መሣሪያ በመሥራት ረገድም ክርክር አለ። ብዙዎች ቀዳሚነቱን የሚሰጡት ከጀርመን ወደ አሜሪካ ለሄደው ለጌርሃርድ ፊሸር ነው፤ እርሱ በአውሮፕላን የሬዲዮ አቅጣጫ መምሪያ ሥራ ላይ ሳለ፣ የማዕድን ድንጋይ በበዛበት ምድር ላይ መምሪያው እንደሚሳሳት አስተውሎ፣ ከዚህ ስሕተት ጥቅም በማውጣት «ሜታሎስኮፕ» ያለውን መሣሪያ ሠርቶ በ1937 የፈጠራ መብት ተቀበለ። ይሁን እንጂ የኢንዲያና ተወላጅ የሆነው ሸርል ኸር ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ መብቱን ያገኘው ቀደም ብሎ በ1928 ስለ ሆነ፣ የቅድምናውን ክብር ለእርሱ የሚሰጡ ጥቂቶች አይደሉም። ፊሸር መሣሪያውን ፋብሪካ አቋቁሞ በመሸጡ ስሙ ሲታወስ፣ ኸር ግን በሕዝብ ዘንድ ተረስቷል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስኮትላንድ በስደት የነበረው የፖላንድ ጦር መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ፣ አንድ ወታደር ብቻውን ሊይዘው የሚችል የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ ክብደቱም 14 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከዚህ መሣሪያ 500 ያህሉ በ1942 ለኤል አላሜይን ውጊያ ወደ ግብፅ በረሃ ተልከው፣ ፈንጂ የማጽዳቱን ሥራ በእጥፍ አፋጠኑት። ኮሳትስኪ ከፈጠራው ገንዘብ ሳይሻ ለእንግሊዝ ጦር በነጻ መስጠቱ ሊመሰገንበት የሚገባ በጎ ተግባር ነው። ሰላም ከሆነ በኋላ ከጦሩ የተረፉት መሣሪያዎች ወደ ሲቪሉ ሕዝብ እጅ ገቡ፤ ትራንዚስተር የተባለው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክፍል ሲስፋፋም መሣሪያው ቀለለ፣ ዋጋውም ወረደ፤ የትርፍ ጊዜው ፍለጋም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋ።

የመሣሪያው አሠራር

በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ክብ ሰሌዳ ውስጥ አስተላላፊና ተቀባይ የሆኑ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አስተላላፊው ወደ ምድር የሚልከው ተለዋዋጭ ኃይለ መግነጢስ ብረት ባገኘ ጊዜ፣ በብረቱ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት በአዙሪት መልክ ይነሣል፤ ይህም ፍሰት የራሱን መግነጢስ መልሶ ሲልክ ተቀባዩ ይሰማዋል። መልሱ የሚዘገይበት መጠን እንደ ብረቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ መሣሪያው ብረትን ከመዳብና ከብር በግምት ሊለይ ይችላል። አብዛኛዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከ3 እስከ 30 ኪሎ ኸርዝ ባለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ነው፤ ጨዋማ በሆነ የባሕር ዳርቻ ግን በአጫጭር ምት የሚሠራው ዓይነት ይመረጣል። ሳንቲም የሚያህል ነገር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ካለው ጥልቀት በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም።

አጀማመር

የመጀመሪያው ተግባር መሣሪያ መግዛት ሳይሆን ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ባለቤት የሌለው መሬት የለምና፣ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መቆፈር በደል ነው። ብልህ ጀማሪ ከባለእርሻው ጋር የተገኘው ነገር እንዴት እንደሚካፈል አስቀድሞ በጽሑፍ ይዋዋላል።

ከመሣሪያው ሌላ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጠንካራ የእጅ መቆፈሪያ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ዕቃውን ለይቶ የሚያመለክት ትንሽ መፈለጊያ፣ የወጣውን የሚይዝ ከረጢትና ቦታውን የሚመዘግቡበት ነገር ያስፈልጋል። ሰሌዳው ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ አፈሩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይወዛወዛል፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜም ያለፈውን በከፊል መሸፈን ይኖርበታል። ጀማሪዎች ከሚፈጽሙት ጉድለት ሁሉ የሚበዛው ሰሌዳውን በውዝዋዜው ዳርና ዳር ላይ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ በዚህም ምክንያት የመስኩ ከፊል ሳይታይ ይቀራል።

ድምፅን የመለየት ጥበብ ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። የዛገ ምስማር አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና የተቆራረጠ ድምፅ ሲሰጥ፣ የብር ሳንቲም ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መካከለኛው ድምፅ ግን የፈተና ቦታ ነው፤ የሲጋራ የብር ወረቀት፣ የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻ ቀለበትና የወርቅ ቀለበት በዚህ ሥፍራ ተቀላቅለው ይገኛሉና። ቆሻሻን ላለመቆፈር ሲል መካከለኛውን ድምፅ ሁሉ የሚያልፍ ሰው ወርቁንም ያልፋል፤ ስለዚህ ጀማሪ ለብዙ ጊዜ መልካም የሚመስለውን ድምፅ ሁሉ ቢቆፍር ይሻለዋል።

ሣር ባለበት ሥፍራ የሚቆፍር ሰው፣ ሣሩን በሦስት ወገን ቆርጦ በአራተኛው ወገን እንደ ማጠፊያ ተያይዞ እንዲቀር ይተወዋል፤ ሥሩ እንዳይበተን ከነአፈሩ ገልብጦ ዕቃውን ያወጣል፤ ከዚያም ልቅ አፈሩን መልሶ ሣሩን በላዩ ይከድንና በእግሩ ይጫነዋል። ከመሬት የወጣ ሳንቲም በእጅ መታሸት ወይም በኬሚካል መታጠብ የለበትም፤ በላዩ ያለው አረንጓዴ ሽፋን ጽሑፉን ጠብቆ ያቆየው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

የሆክስን ሀብት

በኅዳር ወር 1992፣ በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ፣ ሆክስን በተባለች መንደር፣ አንድ ገበሬ በእርሻው ላይ የጠፋበትን መዶሻ እንዲፈልግለት መሣሪያ ያለውን ወዳጁን ለመነው። ፈላጊውም የወርቅና የብር ሳንቲሞች በብዛት ሲወጡ ባየ ጊዜ፣ የቀረውን ከመቆፈር ተቆጥቦ ነገሩ ለመንግሥት እንዲነገር አደረገ። በማግሥቱ የመጡት የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ከ14,000 በላይ የሮማ ሳንቲሞችን፣ የብር ማንኪያዎችን፣ የወርቅ ጌጦችንና በንግሥት ምስል የተሠራ የቁንዶ በርበሬ ማስቀመጫን አወጡ። ከዚህም የሚበልጠው፣ ዕቃው ሁሉ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በሥርዓት ተደርድሮ እንደ ተቀበረ፣ ምን ከምን በላይ እንደ ነበረ፣ በምን ጨርቅና ገለባ እንደ ተለየ ማወቅ መቻሉ ነው። ሀብቱ የተቀበረው የሮማ ሥልጣን ከብሪታንያ በሚነሣበት በ5ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ስለ ሆነ፣ የዚያን የጭንቅ ዘመን ሰዎች አኗኗር ለሚያጠኑ ሁሉ ምስክር ሆኗል። ዋጋው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ተከፈለ፤ መዶሻውም ተገኝቶ ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው በሰሪ አውራጃ በዎንቦሮ የደረሰው ጥፋት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሌቦች በሌሊት መሣሪያ ይዘው በሮማ ዘመን ቤተ ጣዖት ፍርስራሽ ላይ ዘመቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሳንቲሞችም ከነታሪካቸው ተበተኑ። ከእነዚያ ሳንቲሞች አንዱ ዛሬ በገበያ ቢገኝ፣ ብሩ ብር ነው፤ ከማን እጅ፣ ለየትኛው አምልኮ፣ በየትኛው ወለል ላይ እንደ ተቀመጠ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። የዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ እንደሚያምነው፣ የፍለጋው ሥራ መልካም ወይም ክፉ የሚባለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሕግ

የዎንቦሮው ጥፋት ካነሣሣቸው ነገሮች አንዱ የ1996 የሀብት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ፣ ቢያንስ 300 ዓመት የሞላውና ከመቶ 10 እጅ ወርቅ ወይም ብር ያለበት ዕቃ፣ እንዲሁም በአንድነት የተገኙ የወርቅ ወይም የብር ጥንታውያን ሳንቲሞች፣ በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለተባለው ባለሥልጣን መነገር አለባቸው፤ ሙዚየም ከወሰደው ዋጋው ብዙውን ጊዜ ለፈላጊውና ለባለመሬቱ እኩል ይከፈላል። በ2010 በከምብሪያ የተገኘው የሮማ ፈረሰኛ የነሐስ ራስ ቁር ከዚህ ሕግ ውጭ ስለ ሆነ በጨረታ 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ ለግል ሰው ተሸጠ፤ በ2023 ሕጉ ሲሻሻል፣ 200 ዓመት የሞላውና ልዩ ታሪካዊ ክብር ያለው የብረታ ብረት ዕቃም ተጨመረበት። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ በተጠበቁ ጥንታዊ ሥፍራዎች መሣሪያውን ያለ ፈቃድ መጠቀም ወንጀል ነው። የሀብት ሕግ የማይደርስባቸውን ግኝቶች በፈቃድ ለማስመዝገብ በ1997 የተጀመረው የተንቀሳቃሽ ቅርሶች መዝገብ እስከ ዛሬ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል።

ሌሎች አገሮች

በስኮትላንድ ጥንታዊ ግኝት ሁሉ የዘውዱ ነው። በፈረንሳይ ጥንታዊ ዕቃ ለመሻት መሣሪያ የሚይዝ ሰው ከክፍለ አገሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአየርላንድ ሕጉ ከእነዚህ ይልቅ የጠበቀ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የትርፍ ጊዜ ፍለጋ እንደ እንግሊዝ አገር ልማድ የለም፤ ምድሪቱ ግን የምትሰውረው አላጣችም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከእንዱቢስ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አሳትመዋል፤ ከንጉሥ ኢዛና ጥምቀት በኋላም በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተክቷል። የክርስትናው መግባት በዚህ ለውጥ ስለሚመሰከር፣ አንዲት የነሐስ ሳንቲም ከተገኘችበት ሥፍራ ተነቅላ መሸጧ የሚያሳዝን ጉዳት ነው። በተጨማሪም ጦርነት በነካቸው አካባቢዎች መሣሪያው የሚጮኽለት ብረት ፈንጂ ወይም ያልፈነዳ ጥይት ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ መቆፈር ለሠለጠኑ ሰዎች ብቻ የተተወ ሥራ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በእርሻ ወይም በግንባታ ጊዜ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ዕቃውን በሥፍራው ጠብቆ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊያስታውቅ ይገባዋል።