የክክ ወጥ ታሪክ፡ ከከፋ ጫካ እስከ ቆጮው ገበታ

ዶሮ ወጥ በዓል አለው፡፡ ክትፎ በስሙ የተከፈተ ቤት አለው፡፡ ሽሮ እንኳ «ተጋቢኖ» ተብሎ ማዕረግ አግኝቷል፡፡ ክክ ወጥ ግን እስከዛሬ የበያይነቱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ሆኖ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፡፡ ከፋ ሲባል ደግሞ ሁሉም ሰው ቡና ብሎ ይጀምራል፣ ቡና ብሎ ይጨርሳል፡፡ እኛ ዛሬ ጀበናውን ለጊዜው ወደ ጎን ብለን ድስቱን እንክፈት ብለናል፡፡ ምክንያታችን ቀላል ነው፤ የዚህ የተናቀ ወጥ ታሪክ ግማሹ ያለው እዚያው ከፋ ውስጥ ነው፡፡

አተሩ ራሱ ከሩቅ ነው የመጣው፡፡ የሰው ልጅ በመካከለኛው ምሥራቅ ማረስ ሲጀምር ካላመዳቸው የመጀመሪያ አዝርዕት አንዱ ነው፤ ዕድሜው ወደ 10 ሺህ ዓመት ይጠጋል፡፡ የጥንት ግሪኮችም ወደውት ነበር፡፡ አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ለመድረክ ባበቃው «እንቁራሪቶች» በተባለው ተውኔቱ ሄራክሊስን የሚያህል ጀግና በሾርባ አምሮት ይቀልድበታል፡፡ ስዊድኖች ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ ይበላሉ፤ ልማዱ የዓርብ ጾም ከመግባቱ በፊት ሆድ ለመሙላት የተጀመረ ነው ይባላል፡፡ እነሱ ለጾም መግቢያ አደረጉት፣ እኛ የጾሙ ምግብ አደረግነው፡፡ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን ያለ ክክና ያለ ሽሮ እስቲ አስቡት!

ወደኛ አገር የገባው አተር እንግዳ ሆኖ አልቀረም፡፡ በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚዘራው ደቃቃው «ደቆቆ» ከሌላው ዓለም አተር የተለየ የራሱ ዝርያ ነው፡፡ የተለመደው አተር ደግሞ በደጋው ሁሉ ተሰራጨ፡፡ ከፋም ደጋ አለው፤ እንደ አድዮ ባሉ ከፍታማ ወረዳዎች ከገብሱና ከባቄላው ጋር አተርም ይዘራል፡፡

አሁን ወደ ቅመሙ እንምጣ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነውና፡፡ በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፡፡ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት አንድም አበሻ በርበሬ ቀምሶ አያውቅም፡፡ ታዲያ አያት ቅድመ አያቶቻችን ወጡን በምን ያጣፍጡት፣ በምንስ ያቃጥሉት ነበር? ዝንጅብሉና እርዱ ከእስያ የመጡ ናቸው፡፡ አገር በቀሎቹ ግን ኮረሪማና ጥምዝ ናቸው፡፡ ሁለቱም ዛሬም ድረስ ከቦንጋ ዙሪያ ጫካ፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይለቀማሉ፡፡ ስለዚህ «አልጫ» እያልን ለሕፃንና ለሆድ ሕመምተኛ የምንተወው ወጥ ከቀዩ ወጥ የሚቀድም ይመስለናል፡፡ ቀዩ የኋላ መጤ ነው፡፡ (ቀይ ወጥ ወዳጆች እንዳትቆጡን፣ እኛም እንወደዋለን፡፡)

ቅመሙ ሰሜን የደረሰው በእግርና በበቅሎ ነው፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦንጋ የታላቁ የሲራራ ንግድ መንገድ ደቡባዊ ጫፍ ነበረች፡፡ ነጋዴው ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር፣ በጎጃሙ ባሶ፣ በሊሙዋ ሳቃ አድርጎ ከፋ ይደርሳል፤ አሞሌ ጨው አስገብቶ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ኮረሪማ ይጭናል፡፡ መደበቅ የሌለበት እውነት፣ ሰውም በባርነት ይነዳ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘምቶ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ መንግሥቱ አከተመ፡፡ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙው ተሸጠ፡፡ ሰሜኑ ወጡን በከፋ ቅመም ሲያጣፍጥ ኖሮ፣ ቅመሙን የላከለትን አገር እንዲህ አደረገው፡፡

ገበታው ላይ ግን ከፋም የአተር ባለዕዳ ነው፡፡ ቦንጋም በሉት ደካ፣ የከፋ ሰው መሠረታዊ ምግብ ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ነው፡፡ እንሰት ድርቅ የሚችል፣ ጓሮ ቆሞ ክፉ ቀን የሚያሳልፍ ድንቅ ተክል ነው፤ ጉልበትም ይሰጣል፡፡ ጉድለቱ ፕሮቲን ነው፡፡ መቶ ግራም ቆጮ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ከ1 ወይም ከ2 ግራም አያልፍም፡፡ መቶ ግራም የበሰለ የአተር ክክ ግን 8 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ በዚያው ልክ ደግሞ አሰር አለው፡፡ ሥጋና ወተት በየቀኑ በማይገኝበት ቤት ቆጮውን ምግብ የሚያደርገው አጠገቡ ያለው ነገር ነው፡፡ ትልቅ ሰው በቆጮና በጎመን ሊሰነብት ይችላል፡፡ ጡት የጣለ ሕፃን ግን ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ሊራብ ይችላል፤ ሲያለቅስ ዝም ስላለ ብቻ ጠግቧል አይባልም፡፡ በደንብ በስሎ የተፈጨ ክክ ከገንፎው ጋር ሲገባ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም፡፡ አሰሩ የደም ስኳር በአንዴ እንዳይንር ያደርጋል፣ ለሆድ ድርቀትም ይበጃል፡፡ ለነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ለምታስብ ሴት የሚያስፈልገው ፎሌት አለው፡፡ ብረትም አለው፤ ግን የጥራጥሬ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ እንደ ቃሪያ ያለ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ሊያግዘው ይገባል፡፡ አተርና እህል አንድ ላይ ሲበሉ ደግሞ ይሟላሉ፤ አተሩ ላይ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ጤፉ ወይም ገብሱ ይሞላዋል፡፡ ወጥና እንጀራን ያጋቡ ሰዎች ኬሚስትሪ ሳይማሩ ደርሰውበታል፡፡

አሠራሩን ለማታውቁ (ወንደላጤዎች፣ እናንተን ነው)፡፡ አንድ ብርጭቆ ክክ ለቅማችሁ ደጋግማችሁ እጠቡና ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉት፣ ሆድ የሚነፋው በከፊል በእሱ ነው፡፡ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ደቅቆ በዘይት ይብሰል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ እርድ ይግባ፡፡ ክኩን ጨምሩና አራት ብርጭቆ ያህል የፈላ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ እስኪፈርስ አብስሉት፡፡ ቸኩሎ ክክ የሠራ ሰው ጠጠር ነው የሚበላው፡፡ ወፈር ካለ ወጥ ነው፣ ቀጠን ካለ ሾርባ፤ ልዩነቱ የውኃ ነው፡፡ ጨው ከገባ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል፣ የተፈጨ ኮረሪማና ቁንጥር ጥምዝ ጣል አድርጉበት፡፡ ኮረሪማ ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል፡፡ ቃሪያው ተሰንጥቆ ከላይ ይቀመጥ፡፡

የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፡፡ ሲወራ የሚሰማው ስለ ቡናው ነው፡፡ ዛፉ ሲቆረጥ ግን ጥላ የሚፈልገው ኮረሪማም አብሮ ይሄዳል፡፡

አሁን ጀበናውን መልሱት፤ ግን ትንሽ ታገሡ፡፡ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ የሚጠጣ ቡና ከክኩ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፡፡ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ፡፡ በቡናው አገር ይህን ማለት ድፍረት እንደሆነ ይገባናል፡፡