የምሕረት ማመልከቻና የሹሙ ብዕር



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ «አልተፈቀደም» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ከጠረጴዛው ወዲያ ለቆመው ባለጉዳይ ግን የቤቱ መፍረስና የልጆቹ መበተን ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምናወሳላችሁ ታሪክ በካናዳ አገር የተፈጸመ ነው፤ ነገሩ ግን ብዕርና ማኅተም የያዘውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በካናዳ በቋሚነት ለመኖር የሚሻ የውጭ አገር ሰው፥ በጠቅላላው ደንብ መሠረት፥ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ነው። ዳሩ ግን ደንብ የሰውን ሁሉ ዕጣ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ የተከለከለ፥ ወይም የተፈቀደለት ጊዜ ያለፈበት፥ ነገር ግን በዚያው አገር ሥር የሰደደና ልጆች የወለደ ሰው ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ሰው በሕጉ ግንብ ላይ አንዲት ጠባብ በር ተከፍታለች፤ እርስዋም «የሰብዓዊነትና የርኅራኄ ምክንያት» ትባላለች።

የካናዳ ፓርላማ በ1967 ዓ.ም. የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድን በሕግ ባቋቋመ ጊዜ፥ ከአገር እንዲወጣ የተወሰነበትን ሰው በርኅራኄ ምክንያት ለማስቀረት የሚያስችል ሥልጣን ሰጠው። ርኅራኄ በምን ይለካል? የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ጃኔት ስኮት፥ በ1970 ዓ.ም. ቺርዋ በተባለ ሰው ጉዳይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጡ። የውሳኔው አሳብ እንዲህ ነው፤ በማስረጃ የተረጋገጠው ነገር፥ በሠለጠነ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚኖረውን አስተዋይ ሰው የሌላውን መከራ ለማቃለል የሚያነሣሣው ከሆነና መከራውም ከሕጉ ጽናት ልዩ ዕረፍት የሚያሰጥ ከሆነ፥ ያ የርኅራኄ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፥ መለኪያው ማስረጃንና ልብን በአንድነት ይጠይቃል። ልብ ያለ ማስረጃ አድልዎ ይሆናል፤ ማስረጃም ያለ ልብ ደረቅ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ይሁን እንጂ መለኪያው በመዝገብ ስለ ተጻፈ ብቻ በሹሙ እጅ አይገባም። ይህንንም የቤከር ጉዳይ አሳየ። ቤከር የተባሉ የጃማይካ ተወላጅ በ1981 ዓ.ም. በጎብኝነት ወደ ካናዳ ገቡ፤ የሥራ ፈቃድም ሳይኖራቸው በቤት ሠራተኛነት ዐሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ። በዚያም አራት ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹ በትውልዳቸው ካናዳውያን ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የመጨረሻው ልጅ ከተወለደ በኋላ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ደረሰባቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። በ1993 ዓ.ም. የሐኪም ማስረጃ አያይዘው፥ በዚያው በካናዳ ሳሉ የቋሚ መኖሪያ ጥያቄያቸው በርኅራኄ እንዲታይላቸው አመለከቱ። በተከታዩ ዓመት የመጣው መልስ፥ ምክንያት ያልተጻፈበት የእምቢታ ደብዳቤ ነበር።

ጠበቃቸው ምክንያቱ እንዲገለጽ ቢጠይቁ፥ አንድ የበታች ሹም ለአለቃው የጻፈው ማስታወሻ ተሰጣቸው። በዚያም ማስታወሻ ላይ የሴትዮዋ ልጆች መብዛት፥ ከቤት ሠራተኛነት በቀር ሌላ ሞያ ማጣታቸውና መታመማቸው እንደ በደል ተደርድሮ፥ ምናልባትም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ለመንግሥት ከባድ ሸክም እንደሚሆኑ ተጽፎ ተገኘ። ልጆቹ እናታቸውን ቢያጡ ምን ይደርስባቸዋል የሚለው ጥያቄ ግን ቦታ አላገኘም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ አበው፥ ሹሙ ሰው አያየውም ብሎ የጻፈው ቃል በራሱ ላይ ምስክር ሆነ።

የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። በመጨረሻ ነገሩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁላይ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ዳኛ ክሌር ለሩ ዱቤ በጻፉት ፍርድ ሦስት ታላላቅ ነገሮች ተወሰኑ። አንደኛ፥ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሰውን ሕይወት የሚለውጥ ስለ ሆነ፥ ለተከለከለው ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ሁለተኛ፥ የማስታወሻው አጻጻፍ አስተዋይ ሰውን አድልዎ አለበት ብሎ እንዲጠረጥር የሚያደርግ ነው። ሦስተኛ፥ ወሳኙ ሹም ለልጆቹ ጥቅም ንቁና አሳቢ ሊሆን ይገባዋል፤ ይህን ቸል ያለ ውሳኔ አይጸናም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃዱን ራሱ አልሰጠም፤ ጉዳዩን ሌላ ሹም እንደ ገና እንዲያየው መለሰው እንጂ። የልጆችም ጥቅም ዘወትር ያሸንፋል አላለም፤ ዘወትር ይታሰብ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣውም የኢሚግሬሽን ሕግ የልጆች ጥቅም እንዲታይ በግልጥ ደነገገ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ችግር ተነሣ። መሥሪያ ቤቱ ለሹሞቹ ባዘጋጀው መምሪያ ላይ ችግሩ «ያልተለመደ፥ የማይገባ ወይም ከመጠን ያለፈ» እንዲሆን ተጽፎ ነበር። ቃላቱ ሹሞችን ለመርዳት የተጻፉ ነበሩ፤ ውለው አድረው ግን ሕግ መሰሉ። ካንታሳሚ የተባለ የስሪላንካ ታሚል ወጣት በዐሥራ ስድስት ዓመቱ በ2010 ዓ.ም. ወደ ካናዳ መጥቶ ጥገኝነት ቢጠይቅ ተከለከለ፤ በርኅራኄ ቢያመለክትም እንዲሁ። ሹሟ ወጣቱ በደረሰበት መከራ አእምሮው መታወኩን የሚገልጠውን የሐኪም ማስረጃ ተቀብላ፥ ወዲያው ሕክምና ስላልተከታተለ ክብደት ነፈገችው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2015 ዓ.ም. ዳኛ ሮዛሊ አቤላ በጻፉት ፍርድ ይህን ሻረ፤ ያንንም የ1970 መለኪያ አንሥቶ፥ መምሪያ የሕግ አገልጋይ እንጂ ጌታ አለመሆኑን፥ የሰውም መከራ እየተቈራረጠ ሳይሆን በአንድነት መታየት እንዳለበት አስገነዘበ።

በካናዳ ከተሞች የሚኖሩ ያገራችን ልጆች ጥቂቶች አይደሉምና፥ ወንድም ወይም እኅት በዚያ ያለው አንባቢ ይህን ጭምር ይወቅ። ማመልከቻው ከአገር የመውጣትን ትእዛዝ በራሱ አያግድም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ሕግም፥ ጥገኝነት የተከለከለ ሰው በዚህ በር ከማመልከቱ በፊት ዐሥራ ሁለት ወር እንዲቈይ ያዝዛል፤ የልጆች ጥቅም የሚጐዳበትን፥ ወይም በአገሩ ሕክምና ባለመኖሩ ሕይወቱ የሚያሠጋውን ሰው ግን ከዚህ ያወጣዋል። ስለዚህ እንባ ብቻ አይበቃም፤ የሐኪም ወረቀት፥ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፥ የአሠሪና የጎረቤት ምስክርነት ያስፈልጋል።

ወደ መጀመሪያው ቃላችን እንመለስ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ምሕረት በሕግ ከተጻፈ በኋላ የሹም ችሮታ መሆኑ ይቀርና የሹም ግዴታ ይሆናል። ሹሙ «እሺ» ለማለት አይገደድም፤ ፋይሉን ሙሉውን ለማንበብ፥ ምክንያቱን ለመግለጥና ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ሰው ለማየት ግን ይገደዳል። አባቶቻችን መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው ሲያቆሙት፥ ትልቁም ትንሹም በስሙ ይቆም ነበር። እናንተም ነገ ጧት በጠረጴዛችሁ ላይ የሚጠብቃችሁን ማመልከቻ ስታነሡ፥ «አልተፈቀደም» ከማለታችሁ በፊት ብዕራችሁን ጥቂት አቁሙና የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ። የልጆቹ ስም የተጻፈው በዚያ ገጽ ላይ ይሆናል።