ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ

ፀረ ተባይ ኬሚካል ሰብልን ከነፍሳት፣ ከአረምና በሽታ ከሚያመጡ ፈንገሶች ለመከላከል የሚረጭ፣ ከዘር ጋር የሚታሽ ወይም ወደ አፈር የሚጨመር መድኃኒት ነው። ከሚረጨው ከፊሉ በቀጥታ መሬት ላይ ያርፋል፤ ከፊሉም በዝናብ ታጥቦ ወይም ከቅጠል ጋር ረግፎ ወደ አፈር ይገባል። እዚያም ከታለመለት ተባይ በተጨማሪ ለአፈር ለምነት የሚሠሩ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን ያገኛል። ጉዳቱ እንደ ኬሚካሉ ዓይነት፣ እንደ መጠኑና እንደ አፈሩ ጠባይ ይለያያል። በሌላ በኩል አብዛኞቹን ኬሚካሎች ሰባብረው ከአፈር የሚያስወግዱት እነዚሁ ተሕዋስያን ናቸው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የሚደርስ ጉዳት የአፈሩን ለምነት ብቻ ሳይሆን ራሱን የማጽዳት አቅሙንም ይነካል።

የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ

በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ገለባን፣ ፍግንና የረገፈ ቅጠልን አብላልተው በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ለተክል ይመልሳሉ። ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች በባቄላ፣ በአተር፣ በምስርና በሽምብራ ሥር ላይ ትናንሽ እባጮች ሠርተው የአየርን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይቀይራሉ። ናይትሮሶሞናስ አሞኒየምን ወደ ናይትራይት፣ ናይትሮባክተር ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ከሥር ጋር ተቆራኝተው፣ ሥሩ ራሱ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ለተክሉ ያቀርባሉ።

የኬሚካሎቹ ዓይነትና ጉዳታቸው

በጋዝ መልክ ወደ አፈር የሚገቡ ኬሚካሎች፦ እንደ ሜቲል ብሮማይድና ክሎሮፒክሪን ያሉት ጎጂና ጠቃሚ ተሕዋስያንን ሳይለዩ ይገድላሉ። ናይትሬት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ቶሎ ስለማያገግሙ አሞኒየም በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ያደጉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2005፣ በማደግ ላይ ያሉት እስከ 2015 ከእርሻ እንዲያስወጡት ተወስኗል፤ ለኳራንቲንና ለተወሰኑ ጉዳዮች ግን ተፈቅዷል።

ፀረ ፈንገስ፦ የአፈር ፈንገሶች የተባዩ የቅርብ ዘመዶች ስለሆኑ በእነዚህ መድኃኒቶች በቀላሉ ይጎዳሉ። ከመዳብ ሰልፌትና ከኖራ የሚዘጋጀው የቦርዶ ቅይጥ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ በፈረንሳይ የወይን ተክል ላይ ይረጫል። መዳብ ብረታ ብረት በመሆኑ በየትኛውም ተሕዋስ ሊሰባበር አይችልም። በዚህም ምክንያት በአሮጌ የወይን እርሻዎች አፈር ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል።

ፀረ አረም፦ ግላይፎሴት ተክሎች ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልጓቸውን አንዳንድ አሚኖ አሲዶች የሚያዘጋጅ ኢንዛይም ያግዳል። ይህ ኢንዛይም በእንስሳት ውስጥ ባይኖርም በብዙ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ ግላይፎሴት ከሸክላ አፈርና ከብረት ኦክሳይድ ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ብዙ ተሕዋስያንም ስለሚመገቡት፣ በታዘዘው መጠን ሲረጭ በጠቅላላው የተሕዋስያን ብዛት ላይ የሚታየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛና ጊዜያዊ ነው።

ኬሚካሎቹን የሚሰባብሩ ተሕዋስያን

በጤፍና በስንዴ ማሳ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ሕይወት ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፤ ባክቴሪያዎች እንደ ምግብ ይጠቀሙበታልና። ይህን ችሎታ የሚሰጠው ዘረመል ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። እንደ ካርቦፉራን ያሉ ኬሚካሎች በአንድ ማሳ ላይ በተደጋጋሚ ሲጨመሩ ደግሞ የሚመገቧቸው ባክቴሪያዎች በዝተው መድኃኒቱ ተባዩን ሳይገድል እስከሚያልቅ ድረስ ሊያፋጥኑት ይችላሉ።

ዲዲቲ ግን ለተሕዋስያን አስቸጋሪ ነው። ግማሹ ከአፈር እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ሲሰባበር የሚፈጠረው ዲዲኢም እንደርሱው ቶሎ አይጠፋም። ቅዝቃዜ፣ ድርቀትና የኦርጋኒክ ቁስ ማነስ ተሕዋስያኑን ስለሚያዳክሙ የማንኛውንም ኬሚካል ቆይታ ያራዝማሉ።

ጉዳቱ እንዴት ይለካል?

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 216 መሠረት ኬሚካል የተጨመረበትና ያልተጨመረበት አፈር ጎን ለጎን ይፈተሻሉ። ከ28 ቀን በኋላ በናይትሬት አሠራራቸው መካከል ያለው ልዩነት ከ25 በመቶ ካልበለጠ፣ ኬሚካሉ የረጅም ጊዜ ተጽዕኖ የለውም ተብሎ ይወሰዳል። ልዩነቱ ከበለጠ ሙከራው እስከ 100 ቀን ይራዘማል። ፈተናው የሚለካው የተሕዋስያኑን ድምር ሥራ ነው። አንዱ ዝርያ ጠፍቶ ሌላው ቦታውን ቢይዝ ውጤቱ ላይለወጥ ይችላል፤ በሥር ላይ የሚሠሩ እባጮችንና ማይኮራይዛንም አያሳይም።

ተጽዕኖውን መቀነስ

በኢትዮጵያ ራይዞቢየም «ሕያው ማዳበሪያ» ተብሎ ለጥራጥሬ አምራቾች ይቀርባል። ባክቴሪያው በዘር ላይ ስለሚታሽ፣ እንደ ታይራም ባለ ፀረ ፈንገስ የታሸ ዘር ላይ ሲደረግ ከመሬት ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ለሁለቱም ከፍሎ የአንዱን ጥቅም ያጣል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዘር ላይ አለመቀላቀል ይመከራል። በተጨማሪም በመለያው ላይ ከታዘዘው መጠን አለማለፍ፣ አንድ ዓይነት ኬሚካል በየዓመቱ አለመደጋገም፣ ሰብል ማፈራረቅና ኮምፖስት መጨመር ተሕዋስያኑ እንዲያገግሙ ይረዳሉ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ፀረ ተባይ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲመዘገብ ይደነግጋል።